ከፓሳው እስከ ቪየና፦ ብስክሌትን በባቡር ጭኖ በዳኑብ ዳር አጭር ጉዞ የማቀድ አሠራር

በባቡርና በብስክሌት አጭር ጉዞ ለማድረግ የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ ዕቅዱን ከካርታው ይጀምራል፤ የሚያልፍባቸውን ከተሞች ይመርጣል፣ ማደሪያ ይይዛል፣ የባቡር ትኬቱን መጨረሻ ላይ ይቆርጣል። ይህ አካሄድ ሻንጣ ብቻ ለያዘ መንገደኛ ያስኬድ ይሆናል፤ ብስክሌት ለያዘ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በአንድ ፈጣን ባቡር ውስጥ መቀመጫው በመቶዎች ሲቆጠር፣ የብስክሌት ቦታው በጣት የሚቆጠር ነው፤ አይሲኢ 4 የተባለው ረጅሙ የጀርመን ፈጣን ባቡር እንኳ የሚይዘው ስምንት ብስክሌት ብቻ ነው። ስለዚህ የጉዞውን ቀን የሚወስነው መንገዱ ወይም ሆቴሉ ሳይሆን ይህ ጠባብ ቦታ ነው። እኔ ራሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስወጣ የራሴን መቀመጫ ቆርጬ የብስክሌቱን ለነገ አልኩ፤ በማግሥቱ ቦታው ሞልቶ ስለነበር ሙሉ ቀን ከአንዱ የክልል ባቡር ወደ ሌላው እየተሸጋገርኩ ማሳለፍ ግድ ሆነብኝ።

ለምሳሌ የተመረጠው መንገድ ከጀርመኗ ፓሳው ተነሥቶ የዳኑብን ወንዝ ተከትሎ የኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና የሚደርሰው 320 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የብስክሌት መንገድ ነው። ከአትላንቲክ ጠረፍ ተነሥቶ ጥቁር ባሕር የሚደርሰው ዩሮቬሎ 6 የተባለው ረጅም መንገድ አካል ሲሆን፣ ለጀማሪ ከሚመከሩት የአውሮፓ መንገዶች ቀዳሚው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፓሳው ከባሕር ወለል በላይ 300 ሜትር፣ ቪየና ደግሞ 160 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚገኙ ብዙዎች «ቁልቁለት ነው» ይላሉ፤ ይሁን እንጂ ያ ልዩነት በዚህ ሁሉ ርቀት ላይ ሲከፋፈል ለእግር አይታወቅም። እውነተኛው ጥቅም ዳገት አለመኖሩ፣ መንገዱ በአብዛኛው ከመኪና የተለየና አስፋልት የተነጠፈበት መሆኑ፣ ነፋሱም አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ ከኋላ መግፋቱ ነው። በዚህም ምክንያት ከቪየና ወደ ፓሳው መንዳት ይቻላል ቢባልም አይመከርም።

ቀኑና ወረቀቱ

መንገዱ የሚመቸው ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ለማዶ የሚያሻግሩት ትንንሽ ጀልባዎችም በአብዛኛው የሚሠሩት ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ብቻ ነው። ጁላይና ኦገስት ትምህርት ቤት የሚዘጋባቸው ወራት በመሆናቸው ማደሪያው ይወደዳል፤ ምርጫ ያለው ሰው ጁንን ወይም የሴፕቴምበርን መጀመሪያ ቢይዝ ይሻለዋል። በኦገስት የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ያስታውስ፦ ኦገስት 15 በኦስትሪያና በአብዛኛው የጀርመኗ ባቫሪያ ክልል ክፍል የእመቤታችን በዓል ስለሆነ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፤ የእኛ የፍልሰታ ጾም ደግሞ ኦገስት 7 ገብቶ ኦገስት 22 ስለሚፈታ፣ ጾመኛ መንገደኛ ሰውነቱን የሚያደክም ሥራና ጾምን አንድ ላይ ሊገጥም ነው ማለት ነው።

ቀኑ ከመቆረጡ በፊት ወረቀት ይታያል። ጀርመን ነዋሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ካለው ለኦስትሪያ ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም፤ በ180 ቀናት ውስጥ እስከ 90 ቀን በሸንገን አገሮች መዘዋወር ይችላል። የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና በመታየት ላይ ያለና የጊዜያዊ መቆያ ወረቀት ብቻ የያዙ ሰዎች ግን ድንበር መሻገር የለባቸውም፤ ሸንገን ውስጥ ፍተሻ የለም የሚለው አባባልም አያታልላቸው፤ በጀርመንና በኦስትሪያ ድንበር ላይ ከ2015 ጀምሮ ፖሊስ ባቡር ውስጥ እየገባ ወረቀት ይጠይቃል። እንዲህ ያለ መንገደኛ የመኖሪያ ቦታ ገደብ ካልተጣለበት ከሬገንስቡርግ እስከ ፓሳው ያለውን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የዳኑብ መንገድ ጀርመን ውስጥ ሆኖ ሊነዳ ይችላል፤ እሱም ደልዳላ ነው።

ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው የሸንገን የአጭር ጊዜ ቪዛ ማመልከቻውን ከጉዞው ቀን ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ቢዘገይ ደግሞ 15 ቀን ሲቀረው ማስገባት አለበት። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ሲሆን፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን ይጠየቃል። ማመልከቻው የሚቀርበው ብዙ ሌሊት ለሚታደርበት አገር ነው፤ በዚህ ዕቅድ መሠረት ፓሳው አንድ ሌሊት፣ ኦስትሪያ አምስትና ከዚያ በላይ ሌሊት ስለሚታደር ማመልከቻው ለኦስትሪያ ይሆናል ማለት ነው።

የባቡሩ ቦታ

በሁለቱ አገሮች ሦስት ዓይነት ባቡር መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በየጣቢያው የሚቆመው የክልል ባቡር ነው፤ ብስክሌት አስቀድሞ ቦታ ሳያስይዝ ይጫናል፣ ብዙ ጊዜ ለብቻው ትኬት ይቆረጥለታል፣ ቦታው ግን ቀድሞ ለደረሰ ነው። ሁለተኛው እንደ ኢንተርሲቲ፣ እንደ አንዳንድ አይሲኢና እንደ ኦስትሪያው ሬይልጄት ያለው የሩቅ ባቡር ሲሆን፣ ብስክሌት የሚቀበለው በስሙ ቦታ ከተያዘለት ብቻ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ብስክሌት ጨርሶ አይጭንም። የሚታጠፍ ትንሽ ብስክሌት ከታጠፈ እንደ ሻንጣ ስለሚቆጠር በሁሉም ይሄዳል። ባቡር በባቡር ድርጅቱ የስልክ መተግበሪያ ሲፈለግ «ብስክሌት ይዤ» የሚለውን ምርጫ ገና ከመጀመሪያው መንካት ይገባል፤ አለዚያ የሚዘረዘሩት ባቡሮች ግማሾቹ የማይጠቅሙ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል ለብዙ ሰው እንግዳ ነው፦ በቅድሚያ የሚያዘው መመለሻው ነው። ምክንያቱም ከሙኒክ ወደ ፓሳው በየሰዓቱ ገደማ የሚነሣ፣ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ከፍ ያለ ጊዜ የሚወስድና ቦታ ማስያዝ የማያስፈልገው የክልል ባቡር አለ፤ መሄጃው ቢበላሽ በሚቀጥለው መድረስ ይቻላል። ከቪየና በሳልዝቡርግ በኩል ወደ ሙኒክ በአራት ሰዓት ገደማ የሚደርሰው ሬይልጄት ግን ያሉት ጥቂት የብስክሌት ቦታዎች በበጋ፣ በተለይም ዓርብና እሑድ፣ ከሳምንታት በፊት ያልቃሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የመመለሻው ባቡር ከነብስክሌቱ በአንድ ጊዜ ይያዛል፤ ከዚያ ቀን ወደ ኋላ እየተቆጠረ የመነሻው ቀን ይወጣል፤ ማደሪያ የሚፈለገው ሁለቱ ከተቆረጡ በኋላ ነው።

ከፍራንክፈርት የሚነሣ ሰው በክልል ባቡር ብቻ ልሂድ ካለ በቩርትስቡርግ፣ በኑረምበርግና በሬገንስቡርግ በኩል ፓሳው ይደርሳል፤ ቀኑ ግን በባቡር ላይ ያልቃል። በወር አንድ ጊዜ የሚከፈለው የጀርመን ትኬት ለዚህ ሰውን ይሸፍናል፤ ብስክሌቱን ግን አይሸፍንም፤ ይህን ሳያውቁ ቅጣት የሚከፍሉ ብዙ ናቸው። በባቫሪያ ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው የሚሄዱ የባየርን ትኬት የተባለውን የቀን ትኬት ቢይዙ እስከ አምስት ሰው በአንድ ወረቀት ይሄዳሉ፤ በሥራ ቀን የሚሠራው ግን ከረፋዱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው። በነገራችን ላይ የጊዜ ሰሌዳው 09፡00 የሚለው የእኛ ሦስት ሰዓት፣ 14፡10 የሚለው ስምንት ሰዓት ከአሥር ነው፤ ወላጆች ከአገር ቤት መጥተው አብረው የሚጓዙ ከሆነ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ መስጠት ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

በባቡር መቀያየሪያ ጣቢያ ላይ ቢያንስ ሠላሳ ደቂቃ ይተው። ብስክሌት የያዘ ሰው በደረጃ አይሮጥም፤ የጣቢያ አሳንሰር አንድ ወይም ሁለት ብስክሌት ብቻ ስለሚይዝ ሰልፍ ይኖራል፤ የጀርመን ባቡርም ይዘገያል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጀርመን ዋና ዋና መስመሮቿን ለወራት እየዘጋች በመጠገን ላይ ናት፤ ወደ ፓሳው የሚወስደውም መስመር በዚሁ ዕቅድ ውስጥ ያለ ነው። በተዘጋ መስመር ላይ የሚመደበው ምትክ አውቶቡስ ብስክሌት ለመጫን ዋስትና ስለማይሰጥ፣ የሚሄዱበት ሳምንት ከጥገና ነጻ መሆኑን ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ያረጋግጡ።

የራስ ብስክሌት ወይስ ኪራይ

ከአውሮፓ ውጭ በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው ምክሬ አንድ ነው፤ ይከራይ። ፓሳው ላይ አከራይተው ቪየና ላይ የሚረከቡ፣ ሻንጣውንም ከማደሪያ ማደሪያ በመኪና የሚያደርሱ ድርጅቶች አሉ። ይህ ምርጫ የመመለሻውን የብስክሌት ቦታ ጭንቀት ከነጭራሹ ያስወግዳል፤ በኪራዩ ላይ የሚጨመረው ገንዘብ ለዚህ የሚከፈል ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። ኤሌክትሪክ ብስክሌትን በአውሮፕላን ይዞ መምጣት ደግሞ ከናካቴው አይቻልም፤ ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም፣ የብስክሌቱ ባትሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

የየቀኑ መንገድ

ሥራ ለለመደ እግር በቀን 80 ኪሎ ሜትር ከባድ አይደለም። ይሁን እንጂ በተከታታይ ቀናት ኮርቻ ላይ ላልዋለ ሰው ችግሩ እግሩ ሳይሆን መቀመጫው ነው፤ ስለዚህ በቀን 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ታቅዶ ስድስት ቀን ቢያዝ ጉዞው ጉዞ ይሆናል።

ፓሳው ዳኑብ፣ ኢንና ኢልትስ የተባሉ ሦስት ወንዞች የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ ውኃዎቹ በቀለም ስለሚለያዩ መገናኛው ከላይ ሲታይ በግልጽ ይለያል። ካቴድራሉ ውስጥ 17,974 ቧንቧ ያለው ኦርጋን ይገኛል፤ የቀትሩን ዝግጅት መስማት የሚፈልግ ሰው በባቡር የደረሰበትን ዕለት ለዚህ ያውል እንጂ የመንጃውን ቀን አያዘግይ። በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተመዘገበውን የጎርፍ ምልክት ማየት ደግሞ ለመዝናኛ ብቻ አይደለም። በጁን 2013 ውኃው ከ1501 ወዲህ ታይቶ በማይታወቅ ከፍታ ወጥቶ ነበር፤ በሴፕቴምበር 2024ም ታችኛው ኦስትሪያ የተባለው ክልል በጎርፍ ተመትቷል። ከባድ ዝናብ በጣለ ሳምንት የወንዙን ከፍታ በየጠዋቱ ማየት ያስፈልጋል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰጥመው ከድልድይ ሥር የሚያልፈው የብስክሌት መንገድ ነውና።

የመጀመሪያው ቀን ከፓሳው ሽሎገን 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወንዙ ጠንካራ ድንጋይ ገጥሞት ወደ መጣበት ሊመለስ እስኪመስል ድረስ የሚጠመዘዝበት ቦታ እዚህ ነው፤ ጠመዝማዛውን ከላይ ለማየት ብስክሌቱን ቆልፎ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር መውጣት ይጠይቃል፣ ድካሙ ግን አያስቆጭም። ልብ ሊባል የሚገባው ባቡሩ ከፓሳው ወደ ሊንዝ የሚሄደው ከወንዙ ርቆ በሌላ በኩል መሆኑ ነው። በዚህ ክፍል ካላማዳሪያ ቢፈነዳ ወይም ጉልበት ቢከዳ «ባቡር ይዤ ልሂድ» ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ የጥገና ዕቃና ስንቅ የሚያስፈልገው በተለይ ሊንዝ እስኪደረስ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው።

በሁለተኛው ቀን በጀልባ ተሻግሮ፣ አሻክን አልፎ፣ ሊንዝ ይገባል፤ 53 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኦተንስሃይም ላይ ያለችው ጀልባ ሞተር የላትም፤ በገመድ ታስራ የወንዙ ግፊት ራሱ ከዳር ዳር ይወስዳታል። እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ወደ ፊትም ስፒትስና ቫይሰንኪርኸን ላይ አሉ፤ ክፍያው ጥቂት ዩሮ ስለሆነ ሳንቲም በእጅ መያዝ ጥሩ ነው። የመጨረሻው ማሻገሪያ ሰዓት ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ ጠዋት ላይ ማየት ይገባል።

በሦስተኛው ቀን ከሊንዝ ግራይን 62 ኪሎ ሜትር ይነዳል። በመንገዱ ላይ ማውትሃውዘን አለች። ናዚዎች በዚህ ካምፕና በቅርንጫፎቹ ከያዟቸው 190,000 ገደማ እስረኞች ቢያንስ 90,000 የሚሆኑት አልቀዋል፤ ካምፑ ነጻ የወጣው ሜይ 5 ቀን 1945 ነው። መታሰቢያው ኮረብታ ላይ ስለሆነ ከወንዙ የሚወጣው መንገድ በጉዞው ሁሉ ከባዱ ዳገት ነው። ሊያየው የሚፈልግ ሰው ሦስት ሰዓት ይመድብለት፤ እየተቻኮሉ የሚታይ ቦታ አይደለም።

አራተኛው ቀን ከግራይን ሜልክ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በኢብስ ያለውን የኃይል ማመንጫ ግድብ በላዩ ተሻግሮ ማለፍ ይቻላል፤ በዳኑብ ላይ ግድቦቹ እንደ ድልድይ ስለሚያገለግሉ ከዳር ዳር የሚቀይሩበትን ቦታ በካርታ ላይ አስቀድሞ ማመልከት ይጠቅማል። ሜልክ ከዐለት ላይ በተሠራው ትልቅ ገዳሟ ትታወቃለች፤ የአሁኑ ሕንጻ ግንባታ የተጀመረው በ1702 ነው።

ከሜልክ ክሬምስ ያለው 37 ኪሎ ሜትር ሆን ተብሎ አጭር የተደረገ ቀን ነው። ቫኻው የተባለው ይህ ሸለቆ በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በእርከን የተሠሩት የወይን እርሻዎች የኮንሶን እርከን ላየ ሰው ባዳ አይሆኑበትም። የሰሜኑ ዳር መንደሮቹ የሚያምሩበት ሲሆን፣ የደቡቡ ዳር ሰው የማይበዛበትና ለመንዳት ቀላል ነው፤ እኔ በደቡብ ነድቼ በጀልባ መሻገሩን እመርጣለሁ። ዱርንሽታይን ላይ ያለው ፍርስራሽ ግንብ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ በ1192 መጨረሻ ተይዞ የታሰረበት ነው። የዚህ ሸለቆ የአፕሪኮት ፍሬ የሚደርሰው በጁላይ ነው።

በመጨረሻው ቀን ከክሬምስ ቪየና 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። በመካከሉ ስቬንተንዶርፍ ላይ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በ1978 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ምክንያት ለአንድ ቀን እንኳ ሥራ ያልጀመረ የኑክሌር ማመንጫ ይታያል። የደከመው ሰው ክሬምስ ላይ ወይም ቱልን ላይ የክልል ባቡር ይዞ ቪየና መግባት ይችላል። ጠቅላላ አራት ቀን ብቻ ያለው ደግሞ ሊንዝ ላይ ባቡር ተሳፍሮ ሜልክ ይውረድ፤ ቫኻውን ከመዝለል ይህን መዝለል ይሻላል።

በወንዙ ዳር የሚታዩት የኪሎ ሜትር ቁጥሮች የሚቆጠሩት ከጥቁር ባሕር ጀምሮ ስለሆነ፣ ፓሳው ላይ 2,226 አካባቢ የነበረው ቪየና ላይ 1,929 አካባቢ ይሆናል። ካርታ ሳይከፍቱ ቀሪውን መንገድ ለመገመት ይረዳሉ።

ማደሪያና ምግብ

የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሌሊት፣ እንዲሁም ቫኻው ላይ ቅዳሜ የሚውል ከሆነ እሱን ማስያዝ ግዴታ ነው። ሲይዙ ብስክሌት የሚቆለፍበት ክፍል መኖሩን ይጠይቁ።

በሁለቱም አገሮች እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ክፍት የሚሆኑት በትልልቅ ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ያሉት ናቸው። ስለዚህ የእሑድ ስንቅ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ይገዛል። የቧንቧ ውኃ ይጠጣል፤ የኦስትሪያ ብስክሌተኞች ኮዳቸውን ከመቃብር ቦታ ቧንቧ ሲሞሉ ብታዩ አትደንግጡ፤ «ካይን ትሪንክቫሰር» የሚል ጽሑፍ ካለ ግን አይጠጣም ማለት ነው። ጾመኛ ምግብ ሲያዝ «ቬጌታሪሽ» ማለት አይበቃውም፤ ወተትና እንቁላል ያለበት ይመጣለታል። «ቪጋን» የሚለው ቃል ነው ጾምን የሚገልጸው። በየመንደሩ ምርጫው ጠባብ ስለሆነ ዳቦ፣ ለውዝና ፍራፍሬ ከሻንጣ አይጥፋ፤ ቪየና ከደረሱ በኋላ እንጀራ የሚገኝባቸው ቤቶች አሉ።

ብስክሌቱና ሻንጣው

ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ፍሬኑ፣ ካቴናውና ጎማው ይታይ፤ ጥገና ቤት በበጋ ስለሚጨናነቅ በመጨረሻው ቀን የሚሆን ነገር አይደለም። ሁለት መለዋወጫ ካላማዳሪያ፣ ጎማ ማውለቂያ፣ መንፊያና የብሎን መፍቻ ይያዛል። የፊትና የኋላ መብራት፣ ደወልና አንጸባራቂ በሕግ ግዴታ ናቸው። በኦስትሪያ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ሄልሜት አይነዳም። የወይን አገር ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር፤ ኦስትሪያ ውስጥ ለብስክሌተኛም የተወሰነ የአልኮል ወሰን አለ፣ እሱም በደም ውስጥ ከሺህ 0.8 (0.8 ፕሮሚል) ነው፤ ቅምሻው ከመንዳት በኋላ ይሁን።

ሻንጣው ከኋላ በሁለቱ ጎን የሚንጠለጠል ሆኖ በጠቅላላው ከአሥር ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል። ይህ የሚባለው ለመንዳት ብቻ አይደለም፤ ባቡር ላይ ብስክሌቱንም ሻንጣውንም የሚያወጣው ራሱ ባለቤቱ ስለሆነ ነው።

ጣቢያ ላይ

ለመመለሻው ወደ ቪየና ዋና ጣቢያ ባቡሩ ከሚነሣበት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። በትኬቱ ላይ ብስክሌቱ የተመደበበት ፉርጎ ቁጥር አለ፤ በመድረኩ ላይ ያለው ሰሌዳ ደግሞ ያ ፉርጎ በየትኛው ፊደል ፊት እንደሚቆም ያሳያል። እዚያው ቆሞ ሻንጣዎቹን ከብስክሌቱ ላይ ማውረድ፣ የኤሌክትሪክ ከሆነም ባትሪውን መንቀል፣ ባቡሩ ሲቆም ወራጆችን አስቀድሞ ማሳለፍ፣ ከዚያ መጀመሪያ ብስክሌቱን፣ ቀጥሎ ሻንጣውን ማስገባት ነው። አንዳንዱ ባቡር ብስክሌቱን የሚይዘው በፊት ጎማው አንጠልጥሎ ስለሆነ አቅም የሌለው ሰው አጠገቡ ያለውን ይጠይቅ፤ በዚህ ጉዳይ እንቢ የሚል አላጋጠመኝም። ፓስፖርቱና የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱ ግን ከብስክሌቱ ጋር በቀረው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በትንሽ ቦርሳ ከሰውየው ጋር ይሁን፤ ሳልዝቡርግ ካለፈ በኋላ የጀርመን ፖሊስ ገብቶ ሲጠይቅ፣ በተጨናነቀ ኮሪደር ሦስት ፉርጎ አቋርጦ ሻንጣ መፈለግ አይገባም።